መሬት ያልለቀቀው ኦርቪል

«አያቴ ሦስት ሰው ዘሎ ነው ኳሷን ቅርጫቱ ውስጥ ያገባት! ሦስት!» አለች ማርላ፣ ከጎረቤት የመጣውን የአሳማ ሥጋ ትሪ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «እንዲህ የሚዘል ሰው በኢንዲያና ምድር አልተፈጠረም። ነገም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ይህንኑ ነው የምናገረው።»

ኦርቪል ነገ ሊቀበር ነው። ለቀስተኛው ምግቡን ይዞ፣ ሳህኑ እንዲመለስለት ከሥሩ ስሙን ለጥፎ ሲገባ ውሏል። ሴቶቹ በማርላ ንግግር ራሳቸውን ነቀነቁ። ማን ይክዳታል? የከተማው እህል መጋዘን ግድግዳ ላይ ኦርቪል በቁምጣ ወደ ሰማይ ሲበር ተሥሎ የለ!

በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ቁመተ ረጅም ሽማግሌ ግን ሳቁ አመለጠው።

«ኦርቪል? ዘሎ? ኦርቪል እኮ የወደቀ ጋዜጣ እንኳ መዝለል አይችልም ነበር።»

ማርላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«ዴልበርት እባላለሁ። በኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ቡድን አብሬው ተጫውቻለሁ። ያቺን ኳስ ያገባ ዕለትም ከጎኑ ነበርኩ።»

«ታዲያ ግድግዳው?»

«ግድግዳው ረጅም ነው። ቀለም ቀቢው ባዶ ቦታ ቢተርፈው አያትሽን ወደ ላይ ሰቀለው።»

የማርላ አያት ገና ሳይቀበር ዓይኗ እያየ አጠረባት።

ዴልበርት ቀጠለ። ከጦርነት የተመለሱት ወታደሮች በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ የገቡበት ጊዜ ነበር። ኦርቪል ትከሻው ውስጥ የቦምብ ፍንጣሪ ይዞ መጣ፤ ግራ እጁ ከደረቱ በላይ አልነሣ አለ። ስለዚህ ሲወረውር ኳሷን በሁለት እጁ ጉልበቶቹ መሐል ዝቅ አድርጎ፣ ባልዲ ውኃ እንደሚደፋ ሰው ወደ ላይ ይለቃታል። የዋንጫው ዕለት በአንድ ነጥብ ተበልጠው ሳለ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚዎቹ ጠልፈው ጣሉት። ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጠው።

«አዳራሹ በሙሉ ‹አሮጊት! አሮጊት!› እያለ ኦቾሎኒ ወረወረበት። እሱ ግን ላቡን እንኳ አልጠረገም። የመጀመሪያዋ ገባች፤ ሳቁ ቆመ። ሁለተኛዋ ቀለበቱን ሳትነካ አለፈች! በቃ፣ ዋንጫው የኛ ሆነ። ተሳዳቢዎቹ የተረፋቸውን ኦቾሎኒ ዝም ብለው በሉ።»

ከለቀስተኛው መሐል አንዱ አጨበጨበና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት ደነገጠ። ማርላ ግን አልተጽናናችም።

«ታዲያ ነገ ምን ልበል? አያቴ እንደ አሮጊት ወርውሮ አሸነፈ ልበል?»

«እንደዚያው በይ! እስቲ አንቺ ሰው እየሳቀብሽ ቆመሽ አግቢ!»

ማርላ ይህን የምታልፍ ልጅ አይደለችም። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች የአያቷን ኳስ ከጥግ አንሥታ ወጣች፤ ለቀስተኛው ግር ብሎ ተከተላት። ጋራዡ ላይ ከተሰቀለው ቀለበት ፊት ቆመች። ኳሷን ጉልበቶቿ መሐል ዝቅ ስታደርግ አንዲት ሴትዮ ሳቀች። ጆሮዋ ጋለ፤ እሷም እንደ አያቷ እግሯን ጭቃው ውስጥ ተክላ ለቀቀቻት።

ገባች!

ዴልበርት ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ፤ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ማርላ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ነገ ይህንኑ ነው የምናገረው! መሬት አልለቀቀም እላለሁ! አያችሁ? በደሜ ውስጥ ነው!»

የኦርቪል ሚስት፣ ሴት አያቷ ቬርና፣ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ስታያት ቆይታለች።

«ምን ደም አለ? እሱ ክረምቱን ሙሉ የበረቴን በር በኳስ ሲደበድብ ከርሞ ነው የለመደው፤ አንቺ ገና አንዷን ነው ያገባሽ። ይልቅ ጫማሽን ጥረጊ፣ ነገ የምትቀብሪው በሱ ነው።»