የኮሪያኛና የጃፓንኛ ሙግት

የሻውና ዳኛው ከኮሪያ ዘመቻ ከተመለሱ ወዲህ ጎንደር የምታውቃቸው በሙግታቸው ነበር። ሜዳሊያ ያለው ሰውማ ሞልቷል፤ በጣሊያን ጊዜ በረሃ የከረመው አርበኛ ሁሉ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር አንጠልጥሎ የሚዞርበት ከተማ ነው። ባሕር ተሻግሮ የሰው ቋንቋ ለምዶ የመጣ ግን ከሁለቱ በቀር አልነበረም። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመኙሽ ጠላ ቤት ሲገቡ፣ መደቡ ላይ የተቀመጠው ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅላቸውና፣ "እስቲ ዛሬስ የትኛው ከበደ?" ይላቸዋል።

የሻው የለመደው ኮሪያኛ ነው። እዚያ ተራራ ላይ፣ ምሽግ ውስጥ፣ ፓክ ከሚባል የጦሩ አስተርጓሚ ጋር አንድ እሳት እየሞቀ ቃል በቃል ለቀመው። ዳኛው ደግሞ ጃፓንኛ ነው የሚያውቅ። ጭኑን የመድፍ ፍንጣሪ መትቶት ቶክዮ ሆስፒታል ብዙ ወራት ተኝቶ ነበርና፣ ቁስሉን የምታጥብለት ሀሩኮ የምትባል ነርስ አስተማረችው።

"የሚከብድስ ኮሪያኛ ነው" ይላል የሻው። "ፊደሉ ቀላል ነው፤ ሀ ሁ የቆጠረ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል። መከራው ድምፁ ነው። 'ታል' ብትል ጨረቃ ነው፤ 'ጣል' ብትል ሴት ልጅ ነው። አንዱን አባወራ ልጅህ አማረች እለዋለሁ ብለህ፣ ጨረቃህ አማረች ትለውና ቁጭ!"

"እሱ ለፈረንጅ ነው የሚከብድ" ይመልሳል ዳኛው። "ተን ከጠ ለይቶ ያደገ የበጌምድር ሰው ምን ይቸግረዋል? ጃፓንኛን ስትናገረው ማር ነው፤ ስትጽፈው ግን መዓት ነው። ሦስት ዓይነት ጽሕፈት አላቸው። ሁለቱን ትዘልቃቸዋለህ። ሦስተኛውን ግን ሽማግሌዎቻቸውም ሳይጨርሱት ነው የሚሞቱ።"

የሚስማሙበት ነገርም ነበራቸው። የሁለቱም አገር ሰው ነገሩን ሁሉ ደርድሮ ማሰሪያ አንቀጹን እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣ፤ ትልቅ ሰው ሲያናግርም ቃሉን ይለውጣል። "አሜሪካኖቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሊያለቅሱ ምንም አይቀራቸው" ይላል ዳኛው፤ ቤቱ ይስቃል። ዳኛው ሳቅ ያውቅበታል። ክርክሩን በቁም ነገር የሚያሸንፍ የሻው ቢሆንም፣ ሰው ጠላውን የሚያስቀዳ ለዳኛው ነበር።

የሻው አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። ኮሪያ ሳሉ፣ ዳኛው ከሆስፒታል ወጥቶ ጦሩን እንደተቀላቀለ፣ ደስታው አላስችል ብሎት ለፓክ በጃፓንኛ ተረከለት። ፓክ ጃፓንኛ ጠንቅቆ ያውቃል። በልጅነቱ አገሩን የጃፓን መንግሥት ይገዛት ስለነበር፣ ተማሪ ቤት በገዛ ቋንቋው ሲናገር በተያዘ ቁጥር እየተገረፈ ነው የተማረው። ዳኛውን እስኪጨርስ ሰማውና፣ ኋላ የሻውን ወደ ጎን ጠርቶ በኮሪያኛ እንዲህ አለው፦

"ጓደኛህ የሚናገረው የሴት ጃፓንኛ ነው። እናንተ አንተና አንቺ ስትሉ የምትለዩ ሰሚውን ነው አይደል? እነሱ ዘንድ የሚለየው ተናጋሪው ነው። ሴቲቱ የምትለውን ወንድ አይለውም፤ ድምፁንም እንዲያ አያቀጥን። ንገረው። ከባዕድ ከሚሰማው ካንተ ቢሰማው ይሻለዋል።"

የሻው ሊነግረው ነበር። ያን ለት ጦሩ ቦታ ለወጠ፤ ሳይነግረው ቀረ። ከዚያ በመርከብ ላይ፣ ዳኛው ባሕሩን እያየ ሀሩኮ ያለችውን ሁሉ ሲደግም ልቡ አልጨከነበትም። ጎንደር ከገቡ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ዳኛው ጠላ ቤቱን በሳቅ ባፈረሰው ቁጥር የሻው በሆዱ፣ "ቆይ ብቻ፤ እኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ ምን ይውጥህ ይሆን" ይላል። ያቺን ቃል እንደ መጨረሻ ጥይት ወገቡ ላይ ይዟት ኖረ።

በአንዱ ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አያ ሷሊሕ ዳኛውን አስጠሩት። አያ ሷሊሕ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ሚዛናቸው የታመነ የአዲስ ዓለም፣ የጎንደር እስላሞች ሰፈር፣ ሰው ናቸው። አንድ የጃፓን አቡጀዲ ነጋዴ ወደ አስመራ ሲወጣ በጎንደር ሊያልፍ ነው። ከተስማሙ በጌምድርን በሙሉ የሚያከፋፍሉለት እሳቸው ይሆናሉ።

"ከአዲስ አበባ ይዞት የሚመጣው አስተርጓሚ እንግሊዝኛ ነው የሚያውቅ" አሉት። "በሁለት አፍ ዞሮ የሚመጣ ነገር አልወድም። አንተ አናግርልኝ። ነገሩ ከሰመረ ከኔው ጋር ትሠራለህ፤ ምጽዋ ድረስ ትመላለሳለህ።"

ዳኛው በዚያች አንካሳ እግሩ የተማሪ ቤት በር ጠባቂ ነበር። ወሬውን ይዞ በቀጥታ የሄደው ወደ የሻው ቤት ነው። የሻውም የሲኒማ ቤት ዘበኛ ነበር፤ የዘበኝነት ዱላውን ታቅፎ የግቢው አጥር ሥር ተቀምጦ ሰማው። ኮሪያዊ ነጋዴ ወደ ጎንደር እንደማይመጣ ያን ጊዜ ነው እንደ አዲስ የታወቀው። አገሩ በጦርነት ፈራርሶ፣ ማን ምን ሊነግድ ይመጣል?

እንግዳው ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዳኛው ኮት ተውሶ መጣ። "እስቲ ስማኝ" አለና ግቢው መሐል ቆሞ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ድምፁን አቀጠነ። "አታሺ፣ ዳኛው ዮ። ኡሬሺይ ዋ" አለ፤ እኔ ዳኛው ነኝ፣ ደስ ብሎኛል ማለቱ ነው። አፉን በእጁ ጫፍ ሸፈን አድርጎ ፈገግ አለ፤ ሀሩኮ እንዲያ ነበር የምታደርግ።

የየሻው ሚስት ሽታዬ እህል እያበጠረች ነበርና ሰፌዱን አቁማ፣ "ምነው ዳኛው፣ ድምፅህን እንዲህ አሰለልኸው?" አለችው።

"ቋንቋው ነው እንዲያ የሚል፣ እቴ።" ወደ የሻው ዞረ። "እንዴት ነው?"

የሻው ጓደኛውን አየው። የተዋሰው ኮት እጅጌው አጥሮታል፤ ጺሙን ተላጭቶ አገጩ ላይ ደምቷል። ያቺ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ሌላ ነገር መጣና ቀደማት።

"ሸጋ ነው" አለው። "ሸጋ አድርገህ ይዘኸዋል።"

በማግስቱ የአያ ሷሊሕ ሱቅ ደጃፍ በሰው ተሞላ። ጃፓን አይቶ የሚያውቅ አልነበረምና የገበያው ሰው ሚዛኑን ጥሎ መጣ። እንግዳው አቶ ናካሙራ የሚባሉ፣ አጠር ያሉ፣ ሽበታም ሰው ነበሩ። አስተርጓሚያቸው ኃይለ ጊዮርጊስ መነጽሩን እየወለወለ ከጎናቸው ቆሟል። ዳኛው ሜዳሊያውን አድርጎ፣ ኮቱን ቆልፎ ገባና ጎንበስ ብሎ ተናገረ።

የሰውዬው ፊት በራ። ከአገራቸው ይህን ያህል ርቀው፣ በዚህ ደጋ ላይ የእናታቸውን ቋንቋ መስማታቸው ነው። መለሱለት፤ ዳኛው ሰማ፤ መለሰ። ስለ መንገዱ ጠየቃቸው፤ ስለ ጨርቁ ጠየቁት። አያ ሷሊሕ ከመደርደሪያው አጠገብ ቆመው ጺማቸውን እየዳሰሱ ፈገግ አሉ። ደጃፍ ያለው ሰው "ወይ ጀግና!" አለ።

እንግዳው ግን ከንፈራቸውን መንከስ ጀመሩ። ቀጥሎ መሐረባቸውን አወጡና አፋቸው ላይ አደረጉ። ኋላ አልቻሉም፤ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዳኛው የቀለደ መስሎት እሱም ሳቀ፤ እንደ ልማዱ አፉን በእጁ ሸፍኖ። ይሄኔ ባሰባቸው፤ ምኑም ገና ሳይተረጎም ከበሩ ላይም አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ።

ኃይለ ጊዮርጊስ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ዞሮ፣ ደጃፍ ያለው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ "አቶ ዳኛው ጃፓንኛ አሳምሮ ያውቃል ይላሉ!" አለ። "ግን የሚናገረው እንደ ልጃገረድ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማው አንዲት ቆንጆ ወይዘሪት ከጎኔ የተቀመጠች ይመስለኛል ነው የሚሉ!"

ሱቁ ተናወጠ። እስከ ገበያው ድረስ እየተቀባበሉ ሳቁ። ዳኛው መጀመሪያ አልገባውም፤ ቆይቶ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ሁሉ ፊት መሐል የሚያውቀውን አንድ ፊት ፈለገ። አገኘው። የሻው በር ላይ ተደግፎ ቆሟል። እየሳቀ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው "ወይዘሪት ዳኛው" የሚል ስም አወጣለት። እሑድ ጠላ ቤት ሲገባ አንዱ ሰካራም ከመደቡ ተነሥቶ፣ "ወይዘሪት፣ እዚህ አረፍ ይበሉ" ሲለው፣ ዳኛው በያዘው ሽመል ግንባሩን ተረተረው። ፖሊስ ወሰደው፤ በዋስ ተፈታ፤ ሥራውን ለቆ፣ ለማንም ደህና ሁን ሳይል አገሩ ስሜን፣ መካነ ብርሃን፣ እኅቱ ዘንድ ገባ።

አያ ሷሊሕ ከዚያ በኋላ የሻውን አስጠሩት።

"ሰውዬው የሳቁት ንቀውት አይደለም" አሉት። "ሲሄዱ ያሉኝን ታውቃለህ? ይህ ሰው ከወንዶቻችን ጋር ጥቂት ጊዜ ቢውል ይታረማል፤ ቋንቋው ጥሩ ነው፣ እሱን እፈልጋለሁ ነው ያሉኝ። ያ አስተርጓሚ ይህን ለኔ እንጂ ለሕዝቡ አላስተረጎመም። ወንድሙ አንተ ነህ፤ ሂድና አምጣልኝ።"

የሻው እስከ ደባርቅ በጭነት ማኪና፣ ከዚያ በእግሩ የስሜንን ገደል ይዞ ወጣ። ዳኛውን ከቤቱ በላይ የገብስ ማሳውን ካብ ሲጠግን አገኘው። የመጣበትን አንድ ሳያስቀር ነገረው። ዳኛው ድንጋዩን ካቡ ላይ አስተካክሎ እስኪያስቀምጥ ቀና አላለም።

"ያን ለት ሱቁ ውስጥ ሁሉም እስኪተረጎምለት ቆይቶ ነው የሳቀ" አለ። "አንተ ግን ቀድመህ ስቀሃል። መቼ ነው ያወቅኸው?"

የሻው መዋሸት ይችል ነበር። መንገዱን ሁሉ ያሰበውም እሱን ነበር።

"ፓክ ነግሮኝ ነበር።"

"ኮሪያ እያለን?"

"ኮሪያ እያለን።"

ዳኛው አፈሩን ከእጁ አራገፈ። "ሀሩኮን ስወቅሳት ኖርሁ። ሴቲቱ ተጫወተችብኝ አልሁ። እሷስ ያላትን ነው የሰጠችኝ፤ ሴት ናት፣ የሴት አፍ ነው ያላት። አንተ ምን አጥተህ ነው?"

የሻው ጎንበስ ብሎ ከማሳው ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሣና ትከሻው ላይ አደረገ። "በድያለሁ። ስለ መድኃኔ ዓለም ማረኝ" አለ።

"አስቀምጠው" አለ ዳኛው። "የካቤ ድንጋይ ነው። ላያ ሷሊሕም ንገራቸው፤ ዳኛው ጃፓንኛ አያውቅም በላቸው።" ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ በሬዎቹ ሄደ።

እኅቱ ታየች እንግዳ ጾሙን አይሂድ ብላ ቤት አስገባችው። ቂጣና አሬራ ሰጠችው። ዳኛው አልገባም። የሻው ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተነሣ፤ ታየች እስከ መንገዱ ሸኘችው። ከላይ ዳኛው በሬዎቹን ሲጮህባቸው ይሰማል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ከጉሮሮው ሥር በግድ እየተጎተተ የሚወጣ፣ የጎረነነ ድምፅ። ማሳው ላይ ሲጎረንንበት የሻው ንዴት መስሎት ነበር፤ አሁን ግን የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ቆም ማለት ነበረበት።

"ከመጣ ወዲህ እንዲህ ነው የሚናገር" አለችው ታየች። "ከኔም ጋር፣ ከልጆቹም ጋር። ደረቱን እያመመው ያስለዋል፤ ተው ብለው አይሰማኝም። አያ የሻው፣ ከተማ ምን አግኝቶት ነው?"

የሻው ነጠላውን አጣፋ።

"መንገዱ ይመሽብኛል" አላትና ቁልቁለቱን ያዘ።