በንጹሕ ውሃ የተፈተነ ከሰል

የእኔ ሪፖርት፣ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራው የማጣሪያ ከሰል ከእርሻ ታጥቦ ወንዙ የሚገባውን የፀረ ተባይ ኬሚካል ሰባት ወር ይይዛል ይላል። የማጣሪያ ጣቢያው ኦፕሬተር መዝገብ ደግሞ ከሰሉ በአሥረኛው ሳምንት ደከመ፣ ውሃውም መሽተት ጀመረ ይላል። ሪፖርቱ ግራፍና ማኅተም አለው፤ መዝገቡ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፣ ጠርዙም ረጥቦ ተጨማዷል።

የውሃ መሥሪያ ቤታችን ያመነው ሪፖርቱን ነው። ሕዝቡ ውሃው ሸተተ ብሎ ሲያመለክት፣ ኦፕሬተሩ ማጣሪያውን በወቅቱ አላጠቡም ተባለ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው የስንብት ደብዳቤ ተረቀቀላቸው። ሐሙስ በስብሰባ ሊነበብ ነው።

ሰውዬውን «አፍንጫው» እንላቸዋለን፤ ውሃ አሽትተው ነው የሚመዘግቡት። ሰኞ ጣቢያው ሄድኩ። ዝናብ ያካፋል፤ ገንዳዎቹ ላይ የረገፈ ቅጠል ጠቁሮ ተኝቷል።

«መጣህ ዶክተር?» አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ እውነት ማጣሪያውን አጥበውታል?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ያጠብኩት ዛሬ ይጠፋኛል? እንካ፣ በዲግሪህ አሽትተው።»

ከማጣሪያው የወጣ ውሃ በጣሳ ሰጡኝ። ምንም አልሸተተኝም።

«ጉንፋን ይዞኛል» አልኩ።

«ጉንፋን አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲ ነው!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ጠፋ። «ለመሆኑ ልጄ፣ ከሰሉን የፈተንከው በየትኛው ውሃ ነው?»

የጣሳውን ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ለግዢ የቀረቡትን ሁለት ዓይነት ከሰሎች ያወዳደርኩት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በንጹሕ ውሃ ላይ ኬሚካሉን ራሴ ጨምሬ ነበር። የወንዙ ውሃ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ተውኩት። በንጹሕ ውሃ ርካሹ የኮኮናት ከሰል ከድንጋይ ከሰል ከተሠራው ከውዱ ጋር እኩል ሆነ፤ ስለዚህ ርካሹ ተገዛ። ወንዙ ግን የበሰበሰ ቅጠል ይዞ ይመጣል። የቅጠሉ ጭማቂ የከሰሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀድሞ ይሞላቸዋል፤ ለመርዙ ቦታ አይቀርም።

የወንዝ ውሃ በሁለት ጀሪካን ቀድቼ ተመለስኩ። በቀጭን ቱቦ የወራቱን ሥራ በሁለት ቀን የሚያሳየው ፈተና ረቡዕ ከሰዓት አለቀ። ውዱ ስድስት ወር ይሄዳል፤ ርካሹ አሥራ አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም። በጣሳ የሰጡኝን ውሃም ለካሁት፤ ኬሚካሉ አለበት። ከተማው ስድስት ሳምንት ጠጥቶታል። የተጠጣውን መልሶ የሚያጣራ ከሰል የለም።

የላቦራቶሪ ኃላፊዬ ውጤቱን አንብበው በሩን ዘጉ።

«አንተ ገና ጀማሪ ነህ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህ በስምህ ከተጻፈ ማንም ላቦራቶሪ አያስገባህም። ዝም በል፣ ከሰሉን እኔ ቀስ ብዬ አስቀይረዋለሁ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ለእኔ አዝነው ነው። ለሰውዬው የሚተርፍ ሐዘን ግን አልነበራቸውም።

ሐሙስ አፍንጫው በሩ አጠገብ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አላዩኝም። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤውን ማንበብ ጀመሩ። «በፈጸሙት ከባድ ቸልተኝነት ምክንያት…» ሲሉ ተነሣሁ። ኃላፊዬ እጅጌዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ቸልተኛው እኔ ነኝ» አልኩ። «ከሰሉን በወንዙ ውሃ አልፈተንኩትም። ሪፖርቴን ሰርዣለሁ። ደብዳቤው ላይ የእሳቸው ስም ወጥቶ የእኔ ይግባ፤ ውሃውም ዛሬውኑ ይዘጋ።»