ያልደረሰው ፖስታ

«እኔን ያስፈራችኝ ሟቿ አይደለችም» አለች ያኔት፣ ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ። «ሟቿማ ምስኪን ናት፤ በርዷት ነው የመጣችው። የመጽሐፉ አውሬ በሩን ያልከፈተችላት እህቷ ናት።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ማሪቱ ግን እጇን አላነሳችም። ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ ወደ ሆዷ ሳብ አደረገችና በመስኮቱ ወደ ጅማ መንገድ አየች። የጭነት መኪናዎቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ያቃስታሉ። እሑድ ረፋድ ላይ እንኳ ሰበታ አታርፍም።

የከተማው አንባቢያን ክበብ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባል። ወትሮ ከመጣው ሰው ባዶው ወንበር ይበዛል። ዛሬ ግን ቆሞ የሚያዳምጥም አለ። ከመድረኩ በላይ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ «ከደራሲ ገብረየስ አስፈሪ ልብወለዶች የትኛው ይበልጣል?» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጨርቁ ሥር ደግሞ ራሱ ገብረየስ ሽበቱን አበጥሮ፣ ስካርፑን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ሲያመሰግኑት አንገቱን ይሰብራል፣ ሲተቹት ፈገግ ይላል። ሁለቱንም ያውቅበታል።

ሰላሃዲን ተነሳ። ቆርቆሮና ምስማር ነጋዴ ነው፤ መጽሐፍ ሲያነብ ሱቁን ዘግቶ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«እኔ በበኩሌ ‹የአጽም እርሻ›ን የሚያህል አላየሁም» አለ። «ወላሂ እሱን ካነበብኩ በኋላ ሳምንት ሙሉ መጋዘኔ ብቻዬን አልገባሁም። ማስፈራት ማለት ይሄ ነው። ‹ከወፍጮው ጀርባ› እኮ፣ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መሐሉ ውሃ ውሃ ይላል። እነዚያ የመጨረሻዎቹ ስምንት ገጾች ባይኖሩ ማን ያስታውሰው ነበር?»

«ስምንቱ ገጾች ይበቃሉ!» አለ አንድ ድምፅ ከወደ በሩ፣ ሰውም ሳቀ። ገብረየስም ሳቀ።

ማሪቱ ስምንቱን ገጾች በቃሏ ታውቃቸዋለች። የጻፈቻቸው እሷ ናት።

መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ሰሌዳ በተሰቀለባት ጠባብ ቤት ውስጥ የገብረየስን የእጅ ጽሑፍ በኮምፒውተር መልቀም ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እሱ የሚኖረው አየር ጤና ነው። ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር በፖስታ ያሽግና ለሚኒባስ ሾፌሩ ለኦቦ ሁንዴ ይሰጠው ነበር። ኦቦ ሁንዴ ሰበታ ሲደርስ ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ እሷ ወጥታ ትቀበላለች። ለዚህ ሥራው ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። አምስት መጽሐፍ እንዲህ ታክሲ ተሳፍሮ መጣ።

በስድስተኛው፣ በ«ከወፍጮው ጀርባ» ላይ ግን የመጨረሻው ፖስታ ሳይደርስ ቀረ። ገብረየስ «በሁንዴ ልኬልሻለሁ» ብሎ ደወለ፣ ሱባዔ ገባ፣ ስልኩ ተዘጋ። ኦቦ ሁንዴ «የሰጠኝ ነገር የለም» አለ። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ «ተራችሁ ሊያልፍ ነው» እያለ ያዋክባታል። ማሪቱ ያን ቀን ለኦቦ ሁንዴ ያላለችው ነገር አልነበረም። ተሳፋሪ በሞላበት፣ «የሰው ላብ መንገድ ላይ የሚጥል፣ አይኑን በጨው አጥቦ የሚክድ» አለችው። በልጆቹ ማለ። አላመነችውም። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ሁንዴ የማንንም ወረቀት አልጭንም አለ፤ ሰላምታቸውም በዚያው ቀረ።

ከዚያም ቁጭ ብላ የጎደለውን ጻፈች። በመጽሐፉ የሞተችው ልጅ ከወፍጮው ጀርባ ተነሥታ የእህቷን በር ታንኳኳለች። እህቷ «አንቺ ከሆንሽ እጅሽን በበሩ ሥር አሳዪኝ» ትላታለች። አራት ጣቶች በበሩ ሥር ይገባሉ፤ ትንሿ በልጅነት እሳት ያጣመማት ናት። እህቷ ታውቃታለች። አውቃት አትከፍትም። ቁራሽ ዳቦ ታቀብላታለች፤ ጣቶቹ ግን ዳቦውን ትተው የእህታቸውን እጅ ይፈልጋሉ።

ይህን ማሪቱ አልፈጠረችውም። በኮሮናው ዓመት ታናሽ እህቷ ተረፈች ከሆለታ የአበባ እርሻ እየሳለች ተፍኪ፣ እናታቸው ቤት መጣች። የበሩን መወርወሪያ ይዛ የቆመችው ማሪቱ ነበረች። እናታቸው ከጓዳ «ማነው?» ብላ ስትጠይቅ «ማንም የለም» አለቻት። ተረፈች ተመለሰች። በአሥራ አንደኛው ቀን መርዶዋ መጣ። እናታቸው እስከ ዛሬ «ምነው ሳታየኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ ማሪቱም አብራት ታለቅሳለች።

ገብረየስ ከሱባዔ ሲመለስ መጽሐፉ ታትሞ ነበር። ስለ መጨረሻው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰው የጻፈውን ይረሳል እንዴ ብላ ተገረመች፣ ኋላም ዝም አለች። ዝምታው ተመቻት ማለት ይቀላል። ከዚያ የራሷን ልብወለድ ሦስት ዓመት ለፋችበት። አሳታሚው አነበበውና «ገብረየስን ገልብጠሻል፤ ‹ከወፍጮው ጀርባ›ን ቁጭ አድርገሽዋል። እሱ ራሱ መግቢያ ከጻፈልሽ ግን አሳትመዋለሁ» አላት። ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው እሱ ነው። የመጣችውም ያቺን አንድ ገጽ መግቢያ ልትለምን ነው።

ያኔት አልተቀመጠችም። «ጋሼ፣ ያቺን እህት ከየት አመጧት?» አለች።

ገብረየስ መነጽሩን አወለቀ። 

«በሕልሜ ነው ያየኋት» አለ። «ሦስት ቀን እያለቀስኩ ጻፍኩት። በእውነተኛው ዓለም ግን እንዲህ የምታደርግ እህት የለችም፣ ልጄ። ሰው እንዲህ አይጨክንም። ልብወለድ ያደረገውም ይሄው ነው።»

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ፣ አለች ማሪቱ በሆዷ። ግን ያቃጠላት ሌብነቱ ብቻ አልነበረም። እዚያው ተነሥታ «የኔ ነው» ብትል፣ ቀጥላ «የለችም ያልካት እህት እኔ ነኝ» ማለት ይኖርባታል። መቶ ሰው አሁን በጭብጨባ የፈረደባትን ሴት ስሟን ልትነግራቸው ነው። ሳታስበው እጇ ተነሣ፤ ማይኩ መጣላት።

«ልጅቷ በበሩ ሥር ያስገባችው... የቱን እጇን ነው?»

ገብረየስ ደንገጥ አለ። «ቀኝ» አለ። «ቀኝ እጇን ነዋ።»

«ግራ!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ። «ግራ ነው ጋሼ!» ሳቁ ፈነዳ። ሰላሃዲን ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ።

«አያችሁ፣ ደራሲ ሲረሳ አንባቢ ያስታውሳል» አለ ገብረየስ፤ ለዚህም ተጨበጨበለት። ዓይኑ ግን ማሪቱ ላይ ነበር። እጅ ተቆጠረ፤ «ከወፍጮው ጀርባ» በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

ሰው ፊርማ አስፈርሞ ሲበተን ግቢው ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ጠበቃት።

«ማሪቱዬ፣ ምን ነካሽ ዛሬ? በሰው ፊት ትፈትኚኛለሽ?»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ብዬ ነው» አለችና ስለ መጽሐፏ፣ ስለ መግቢያው ነገረችው። ቦርሳዋን ልትከፍት ስትል በእጁ አስቆማት።

«ማንበብ አያስፈልገኝም። እጽፍልሻለሁ። የአንቺ እጅ እንዴት እንደሆነ አጣሁት?» ከመኪናው ወንበር ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አንሥቶ ሰጣት። «በቅድሚያ ይሄ ይለቅ። አዲሱ ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ።»

«መጨረሻውስ?»

«መጨረሻው በታክሲ ይላካል» አለና ፈገግ አለ። «እንደ ያኔው።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዓይኗን ከፌስታሉ አነሣች።

«ያኔ... አልላኩትም ነበር?»

«ምን የሚላክ ነበረኝና? ደርቄ ነበር እኮ። አንቺ ግን እንደማትተዪው አውቅ ነበር። ዐረፍተ ነገሬን ስታቃኚ፣ ቃሌን ስትለውጪ አያለሁ እኮ፤ አላየሁም ብለሽ ነው?»

«ኦቦ ሁንዴስ?»

«የቱ ሁንዴ?» አለ ገብረየስ።

ማሪቱ ፌስታሉን ይዛ መናኸሪያው ፊት ለፊት ወዳለችው ሥራ ቤቷ ሄደች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ የመጨረሻዎቹን ገጾች አነበበች። ታሪኩ ጅብ የሚጠራ ሰው ታሪክ ነው፤ ከገደል አፋፍ ደርሶ ቆሟል። ጸሐፊው ወዴት እንደሚወስደው ጠፍቶታል። እሷ ግን ወዲያው ታያት። ሰውየው ማንን እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚመጣለት፣ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር በየትኛው ቃል እንደምትዘጋ ሁሉ መጣላት። የራሷ መጽሐፍ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ይህ አንገበገባት፤ ለሦስት ዓመት በስሟ ስትለምነው እምቢ ያላት ቃል፣ ለሱ ሲሆን ሳይጠራ መጣ።

ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ ነበሩ። ስምንት ገጽ ብትጽፍ መጽሐፏ ይታተማል፣ ስሟ በሽፋን ላይ ይወጣል። ስምንት ገጽ ለሷ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ኮምፒውተሩን አጠፋችው። እስክሪብቶ አንሥታ በሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ «የደራሲው ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃል» ብላ በእጇ ጻፈች። ወረቀቱን በትልቅ ፖስታ አሸገችና መንገዱን ወደ መናኸሪያው ተሻገረች።

ኦቦ ሁንዴ ሚኒባሱ ውስጥ መሪው ላይ ተደግፎ ተራ ይጠብቃል። አርጅቷል። እሷን ሳይሆን መጀመሪያ ፖስታውን አየ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሁንዴ?»

«ወረቀት ከሆነ አልጭንም።»

«ያኔ የጠፋ ፖስታ አልነበረም» አለች። «ጋሼ ገብረየስ አልላከውም ነበር። ዛሬ ነው የነገረኝ።» አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ከደራሲው ይልቅ ሾፌሩን መጠርጠር እንዴት ቀሏት እንደነበር አሁን ታየት። «በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ኦቦ ሁንዴ ከመሪው ቀና አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ተሳፋሪዎች ስልካቸውን ትተው ያዳምጣሉ።

«ዱጋ፣ እውነት ነው የነገርኩሽ ያኔ» አለ በመጨረሻ። «በልጆቼ ምዬ። ትልቋ ‹አባ፣ ምን ሰርቀህ ነው?› አለችኝ። ከዚህ ከመናኸሪያ ነው የሰማችው። እሷን አሁን ማን ይነግራታል? ተድራ ሄዳለች።»

 ኦቦ ሁንዴ ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ የመስኮቱን መስታወት በእጁ እያሽከረከረ ይዘጋ ጀመር። አሮጌው መስታወት እየተንጫጫ ወጣ፤ ከላይ ጥቂት ሲቀረው ተነክሶ ቆመ። ፖስታውን በቀዳዳው ልታሾልከው ትችል ነበር። ከጉያዋ ግን አላወጣችውም። በዚያች ክፍተት የገቡት ባዶ ጣቶቿ ነበሩ፤ የግራ እጇ አራት ጣቶች፣ መስታወቱን ከውስጥ ይዘው ቀሩ።

ኦቦ ሁንዴ እጁን ከመስታወቱ ማዞሪያ ላይ ሳያነሣ ጣቶቿን ያያቸው ጀመር።