ዕቃው ቦታው ላይ ነው

በስልክ ላይ የተደበቀ ዕቃ የማግኘት ጨዋታ ከሆነ ጎፋ ውስጥ ዶርቃን የሚያህላት የለም። መዶሻ አልጋ ሥር የሚወሽቅ ጨዋታ ግን ያበግናታል። እሷ እንደምትለው፣ ደህና ጨዋታ ዕቃውን እዚያው ቦታው ላይ ነው የሚደብቀው።

ዛሬ ባሏ ወጋየሁ ክንዷን ሰብሮ፣ ሁለት ጥርሷን አራግፎ ሲያበቃ፣ ጎረቤት ለጠራው ፖሊስ «ደረጃ ላይ ወድቃ ነው» አለ። ፖሊሱ የተመታችበትን ዕቃ ፍለጋ አልጋ ሥር ሲያጎነብስ፣ ዶርቃ ባላበጠው ዓይኗ ወጥ ቤቱን አንዴ ቃኘችው።

«ሙቀጫው ውስጥ ያለው ዘነዘና ነው» አለች ደም እየተፋች። «ጠዋት በርበሬ ወቅጬበት ሳላጥበው ነው የተውኩት።»

ፖሊሱ ዘነዘናውን አነሳው። ንጹሕ ነው፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ወጋየሁ በዘጠኝ ዓመት ትዳር ያጠበላት ዕቃ ይኸው አንድ ዘነዘና ነው።