የማማው ሰው ምሳ

ጥርስ ሠሪው ስልኩ ውስጥ ሌላ ስም ነበረው። ከሕንፃው ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ጀሶ ላይ አጎንብሶ ለሚያየው ሰው፣ ዝንብ እሽ የማይል፣ "እንዴት አደርክ" ሲሉት እንኳ አገጩን ብቻ ነቅነቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ስልኩ ውስጥ ግን "የማማው ሰው" ይባላል። ከፍ ብዬ ቆሜ ሩቁን አያለሁ ማለቱ ነው እንግዲህ። ምድር ቤት ተቀምጦ ማማ፤ አይ የሰው ልጅ፣ ለራሱ ስም ሲያወጣ አይሰስትም።

የማማው ሰው አርባ ሺህ ተከታይ አለው። የሚጽፈው ስለ አንድ ጦርነት ነው። የራሱ አገር ጦርነት አይደለም፤ የጎረቤትም አይደለም። ባሕር ማዶ፣ እግሩ ረግጦት በማያውቅ አገር የሚካሄድ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ሐቁን መናገር ካለብኝ፣ አልቅሷል። አንዲት አሮጊት ከፈረሰ ቤታቸው ውስጥ ድስታቸውን ሲያወጡ አይቶ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ይህን ማንም አይነጥቀውም። ያንን እንባ በአራት መስመር ጻፈው፤ ሺህ ሰው ወደደለት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሱስ ሆነ። ካርታ አወረደ፤ የድልድዮቹን ስም ሸመደደ፤ የመድፉን ዓይነት እንደ አክስቱ ልጆች በስም ይጠራ ጀመር።

ሚስቱ፣ "አንተ ሰውዬ፣ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሲባል አልሰማህም? የኛ ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ወር ሞላው፤ አንተ እዚያ ጦር ወንዝ ታሻግራለህ" ትለዋለች።

"ሰብአዊነት ድንበር የለውም" ይላታል።

"ቧንቧውም ድንበር የለውም፤ ሳሎን ገብቷል።"

በእጅ ሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። ሐኪሞቹ የሰውን አፍ በጀሶ ቀርጸው፣ ቁጥር ለጥፈው ይልኩለታል፤ እሱ ሰውየውን ሳያይ ጥርሱን ይሠራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥርስ የሠራላቸውን ሰዎች መንገድ ላይ ቢያገኛቸው አንዳቸውንም አያውቅም። ሆኖም ጥርሱ የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ ከፍ ካለ በማግስቱ በፌስታል ተመልሶ ይመጣል፤ "ሲነክስ ያመዋል" የሚል ብጣሽ ወረቀት ተያይዞበት። ያኔ ይሸማቀቃል፣ ይሞርዳል፣ አስተካክሎ ይልካል። የማማው ሰው ግን ስድስት ወር ሙሉ ሲጽፍ አንድም ቃል ተመልሶ መጥቶበት አያውቅም።

ከጎኑ ባለው ሞተር ላይ ጥርሱን የምታለሰልሰው ሴት ከዚያው ጦርነት ካለበት አገር የመጣች ናት። ሲነጋም ሲመሽም "የኛ ወንዝ እንዲህ፣ የኛ ወንዝ እንዲያ" ስለምትል የሥራ ባልደረቦቿ "ወንዜ" አሏት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። በሁለት ዓመት መናገሩን ለምዳዋለች፤ ፊደሉ ግን አልገራላትም። እሱን "ጋሼ" ትለዋለች። ለእሷ ደግ ሰው ነበር፤ ይህም እውነት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ቅጿን ቁጭ ብሎ የሞላላት እሱ ነው። አባቷ፣ እዚያ ወንዙ ዳር ባለችው ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ጥርሳቸው ረግፎ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ እንደሚበሉ ስትነግረው፣ "በጀሶ አስቀርጸው ይላኩልን" ያላትም እሱ ነው። መንጋጋቸው በጥጥ ተጠቅልሎ በፖስታ መጣ። ከላይም ከታችም ሙሉ ጥርስ በምሳ ሰዓቱ ሠራላቸው። ሊላክ ሲል ፖስታው ተቋረጠ። መንጋጋው ጥርሱን እንደለበሰ ከትንሿ መስኮት ሥር መደርደሪያው ላይ ቀረ። ወንዜም ጠዋት ስትገባ፣ "አባባ፣ እንዴት አደሩ" ትለዋለች።

የማማው ሰው ማን እንደሆነ እሷም ሌላውም ሠራተኛ አያውቅም። ይስቁብኛል ብሎ ደብቆታል።

አንድ ማክሰኞ ወንዜ ዓይኗ አብጦ ገባች።

"ጋሼ፣ አባቴ እምቢ አሉኝ።"

"ምኑን?"

"መውጣቱን። የመጨረሻው አውቶቡስ ሐሙስ ይነሣል፤ ከዚያ ድልድዩ ይዘጋል። ጎረቤቱ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቷል። እሳቸው ግን ከተማችን አትወድቅም ብለው ቁጭ።"

"ማን ነው ያላቸው?"

ሞተሩን አጠፋችው። "ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ አገር አንድ የሚጽፍ ሰው አለ፣ የማማው ሰው የሚባል። ስልኬ ወደኛ ቋንቋ ይገለብጥልኛል። ማታ ማታ ስደውል አነብላቸው ነበር፤ እንዲበረቱ ብዬ። አሁን እኔ ልጃቸው የምለውን ትተው የእሱን ያዙ። 'ዘመዴ አይደለም፣ ከኔ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ለምን ብሎ ይዋሸኛል?' ይሉኛል።"

ጥርስ ሠሪው መጀመሪያ የተሰማው፣ ማሳፈሩ ያሳፍራል እንጂ፣ ደስታ ነው። ባሕር ማዶ አንድ ሽማግሌ የእሱን ቃል ተማምነው ያድራሉ። ድንጋጤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"ምን ቢጽፍ ነው የሚወጡት?" አላት።

"ውጡ ቢል። አንዲት ቃል። እሱ ውጡ ካለ አባቴ ወዲያው ሻንጣቸውን ያነሣሉ።"

"እኔ ነኝ" ሊላት አፉን ከፈተ። ይሉኝታ ያዘው። ምን ያስፈልጋል ብሎም አሰበ፤ ጽፌው ልገላገል፣ ማንነቴን ምን አስነገረኝ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ቀረ። ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። "ወንዙ ዳር ያላችሁ ሁሉ፣ ነገ ውጡ። ከተማዋ የምትተርፍ አይመስለኝም። ተሳስቼ ነበር" ብሎ ጻፈ። አንብቦ ደገመው። ጥሩ ነበር። አውራ ጣቱን መጫን ብቻ ነበር የቀረው።

ታዲያ በዚያች ቅጽበት ስልኩ ነዘረ። "ገምጋሚው" የሚባል አንድ ተቀናቃኝ አለው፤ እሱም እንደ እሱ ያንን አገር ረግጦት የማያውቅ፣ ከተማዋ ትወድቃለች እያለ የሚጽፍ። "የማማው ሰው ከትናንት ጀምሮ ድምፁ ጠፋ፤ ማማው ተናደ እንዴ? እሑድ 'ይህቺ ከተማ ከወደቀች ሰው አትበሉኝ' ብሎን ነበር። ምን እንበለው ታዲያ?" ይላል። ሦስት መቶ ሰው ስቆበታል።

የጥርስ ሠሪው ደም ፈላ። ሃያ ዓመት ሙሉ አለቃ ሲቆጣው አንገቱን የሚደፋ ሰው፣ እዚያ ላይ ግን ክብር አለኝ ይላል። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ተረቱ፤ ለሚናገር ሰው ቀላል ነው፣ የሚጠፋው የሌላ ሰው ወላጅ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። የጻፈውን አጠፋ። ሌላ ጻፈ፦ "ከተማዋ አትወድቅም። ነገ የሚወጣ ሁሉ ለጠላት በር ከፋች ነው። ጽኑ።" ላከው።

ወዲያው ወደዱለት፤ መቶ፣ አራት መቶ፣ ሺህ። "አንተ ነህ ወንዱ" አሉት። ንዴቱ በረደለት። ምሳ ዕቃውን ከፈተ፣ በላ፣ ጣፈጠውም። ማታ አለዝቤ እጽፈዋለሁ አለ ለራሱ። ከሰዓት አስቸኳይ ስድስት ጥርስ መጣ፤ ማታ ሚስቱ ቧንቧ ሠሪ ጠርታ ቤቱ ተተረማምሶ ነበር፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት ወንዜ ጋውኗን ሳትለብስ መደርደሪያው ሥር ቆማ አገኛት።

"አነበብኩላቸው" አለች። "አላነብላቸውም ብዬ ነበር። 'ዛሬስ ምን አለ?' ብለው ጠየቁኝ። አባቴን ዋሽቼ አላውቅም።"

"እና? አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? ገና ጊዜ አለ እኮ።"

"ጎሕ ሲቀድ ሄዷል።"

ጥርስ ሠሪው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ምናልባት ከተማዋ ትተርፍ ይሆናል አለ። ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ብሎ ነበርና።

ቅዳሜ ከተማዋ ተመታች። የብስክሌት ጠጋኙ ቤት በላያቸው ተደርምሶ፣ ያወጧቸው እሑድ ከሰዓት ነው። የማማው ሰው ያን ዕለት፣ "ጀግናይቱ ከተማ ከነክብሯ ወደቀች። ሐዘናችን ጥልቅ ነው" ብሎ በጥቁር መደብ ላይ ጻፈ። አምስት ሺህ ሰው ወደደለት። ከዚያ በፊት ይህን ያህል አግኝቶ አያውቅም።

ሰኞ ወንዜ ሥራ ገባች። አልቅሳ የጨረሰች ትመስላለች። "እግዜር ያጽናሽ" አሏት፤ "አሜን" አለች። ከሰዓት ወንበሯን ወደ ጥርስ ሠሪው አስጠጋችና ስልኳን ሰጠችው።

"ጋሼ፣ ለዚያ ሰው ይጻፉልኝ። ስልኩ ሲገለብጥ ነገር ያበላሻል። በደንብ እንዲገባው ነው የምፈልገው።"

"ምን ልበለው?" አላት።

"አባቴ የቀሩት አንተን አምነው ነው በሉት። አልረግምህም በሉት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ ያንን ስትጽፍ አምነህበት ነበር?"

ጻፈው። በገዛ ጣቱ፣ ከጥቁሩ የሐዘን ጽሑፍ ሥር፣ አንድ ፊደል ሳይቀንስ ጻፈው። "ይላኩት" አለችው፤ ላከው። የጋውኑ ኪስ ውስጥ ስልኩ ነዘረ።

በማግስቱ፣ "ምን አሉ? ያንብቡልኝ" አለችው። ተከታዮቹ ከመልእክቷ ሥር የጻፉት ሁሉ ስድብ ነው። ሊዘል ፈለገ፤ እሷ ግን ጣቷን እያንዳንዱ መስመር ላይ እየጫነች፣ "ይሄስ? ይሄኛውስ?" አለችው። ምን ያድርግ፤ አነበበ።

"'ውሸታም ናት፣ ተከፍሏት ነው' ይላል። ይሄኛው፣ 'የእውነት አባቷ ቢሞት ኖሮ ኮሜንት ስትጽፍ ትውል ነበር?' ይላል። ይሄ ደግሞ… 'እንዲህ የምትባል ሴት የለችም' ይላል።"

"የለችም?"

"እንደዚያ ነው የሚለው።"

ወንዜ ጥርስ በማለስለስ የሻከሩትን እጆቿን አገላብጣ አየች። "እሱስ?"

"እሱ ምንም አላለም።"

አንዲት ቃል ቢጽፍ አርባ ሺውም ዝም ይል ነበር፤ "ተዉአት፣ እውነቷን ነው" ቢል። ረቡዕም አልጻፈም። ሽንት ቤት ገብቶ፣ "አዎ፣ አምኜበት ነበር" ብሎ ጽፎ አጠፋ። "አላውቅም" ብሎ ጽፎ አጠፋ። ስልኩ ግን መንዘሩን አልተወም፤ ወዳጆቹ ናቸው፣ "አትመልስላት፣ ከጎንህ ነን" የሚሉት።

ሐሙስ እንደገና ጠየቀችው። "እሱስ?"

"ዝም ብሏል።"

"ዝም ማለት የሚችል ሰው ነው ለካ" አለች። ሞተሩን አጠፋችና ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። "ሰኞ መልእክቱን ሲልኩት ኪስዎ ውስጥ ስልክዎ ነዘረ። አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍኩት። ማክሰኞ ስልኬ ላይ አዲስ ስድብ በመጣ ቁጥር ያንተም ይነዝራል። ትናንትም እንደዚያው። ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቅሁት የማማውን ሰው አይደለም። አንተን ነው።"

አንተ ብላው አታውቅም ነበር። ጥርስ ሠሪው ቀና ማለት አቃተው። ይቅርታ ሊል፣ ስለ ገምጋሚው ሊነግራት፣ "ውጡ ብዬ ጽፌ ነበር እኮ" ሊላት አሰበ።

"ልጩህብህ አይደለም" አለች። "መልሴን ብቻ ስጠኝ። አምነህበት ነበር?"

"ስጽፈው… ስጽፈው አምኜበት ነበር።"

"ከላክኸው በኋላስ?"

ሊዋሻት ይችል ነበር፤ አርባ ሺህ ሰው ፊት የሚዋሽ ሰው አንዲት ሴት አታቅተውም። ግን የጀሶው መንጋጋ ከመደርደሪያው ላይ ያየዋል።

"ከላክሁት በኋላ" አለ፣ "ምሳዬን በላሁ።"

ወንዜ ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ የአባቷን መንጋጋ አወረደች። የላይኛውን ጥርስ በአውራ ጣቷ ፈልቅቃ አወጣች፣ የታችኛውንም እንደዚያው፤ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ አኖረችለት። ራቁቱን የቀረውን ጀሶ ሻሿን ፈትታ ጠቀለለችው። ጋውኗን ወንበሩ ላይ አጥፋ አስቀመጠች፣ ደረጃውን ወጣች።

ጥርስ ሠሪው ጥርሶቹን አነሣቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ተመልሶ የመጣ ሥራ ሲቀበል እንደሚያደርገው፣ የትኛው ላይ እንደሚያም የሚነግረውን ብጣሽ ወረቀት እጁ ፈለገ። ወረቀት አልነበረም።