ሳቬ የተባለው ሽማግሌ

እህቴ ሰኞ ጠዋት ልትሄድ ነው፤ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ጌም እንጫወት ብዬ ጠራኋት። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

እሷ አዋላጅ ናት። ሩቅ ከተማ ውስጥ አዲስ ሆስፒታል ተቀጥራ ከባሏ ጋር ልትዛወር ዕቃዋን እያሰረች ነበር። እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የተገደፈ ፊደል እየፈለግሁ በቀይ እስክሪብቶ እከባለሁ። ሰው ስለ ሥራችን ሲጠይቃት፣ «እኔ ሰው አወጣለሁ፣ እሱ ነጠላ ሰረዝ ያወጣል» ትላለች። የምኖረው እማዬ ቤት፣ የወተት ጥርሴን በነቀልኩበት ክፍል ነው።

ጌሙ ሰበብ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያቆየሁት አንድ ውሸት ነበረኝ፤ ከመሄዷ በፊት ልነግራት ቆርጬ ነበር። ስቆርጥ ይሄ ስድስተኛዬ ነው።

ልጆች ሳለን አጎታችን ከሰው የገዛውን አሮጌ የጌም ማሽን ከነአንድ ካሴቱ ሰጠን። ጎራዴ የያዘ ልጅ ጫካና ዋሻ እያቋረጠ ዘንዶ ፍለጋ ይሄዳል። ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ዘጠኝ፣ እሷ አሥራ አንድ ዓመታችን ነበርና አጥርተን የምናውቀው «የስ» እና «ኖ»ን ብቻ ነው። በየመንደሩ አንድ ማረፊያ ቤት አለ፤ እዚያ ትልቅ መዝገብ የዘረጋ ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌ ይቀመጣል። ስንጠጋው አራት ፊደል ይጽፍልናል። እህቴ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥራ «ሳ-ቬ» ብላ አነበበችው። ስሙን ነገረን ማለት ነው። ከሥሩ «የስ» ወይስ «ኖ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳቬ የሆነ ነገር ሊሰጠን ይፈልጋል። እማዬ ደግሞ ከማታውቁት ሰው እጅ ምንም እንዳትቀበሉ ብላናለች። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየማረፊያ ቤቱ፣ ሳቬን በአክብሮት «ኖ» አልነው።

ቃሉ «ሴቭ» ተብሎ እንደሚነበብና «አስቀምጥ» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ስምንተኛ ክፍል ነው። ሽማግሌው ለካ የደረሳችሁበትን ልመዝግብላችሁ እያለ ሲለምነን ኖሯል። ያኔ አንዲት ቃል በትክክል ማንበብ ያቃተኝ ልጅ ዛሬ የሰው ጽሑፍ በማረም ደመወዝ ይበላል።

ስለማናስቀምጥ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው ጫካ እንጀምራለን። ያንን ጫካ ከገዛ ሰፈሬ በላይ አውቀዋለሁ። በመጨረሻ እህቴ አንድ ዘዴ አመጣች፦ አለማጥፋት። አርብ ከትምህርት ቤት መልስ የከፈተችው ማሽን እንደበራ አድሮ፣ እሁድ ከሰዓት ዘንዶው በር ላይ ደረሰች። «እንዳትነካው» ብላኝ ዳቦ ልትገዛ ወጣች።

በዚያ ሰሞን እኔ አሳዛኝ ሙዚቃ ይዞኝ ነበር። ሬዲዮ ላይ ሌላው ጣቢያ የማይነካውን ዘፈን የሚያሰማ አንድ ፕሮግራም አለ፤ ጊታሩ የተቆጣ፣ ዘፋኙ አሁን ከእንቅልፍ የተቀሰቀሰ የሚመስል። ቃሉ አይገባኝም፤ ሐዘኑ ግን የእኔ ነበር። ምን እንዳሳዘነኝ ብቻ አላውቅም። ዘፋኞቹ ፀጉራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ይጥላሉ። እኔም ሞከርኩ፤ ፀጉሬ ግን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያድግም። ስለዚህ አንድ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ አዳምጥ ነበር።

ቤታችን ውስጥ የምትሠራ ሶኬት አንድ ናት፤ እሷም ሳሎን ናት። ሐሙስ ማታ የቀዳሁት ዘፈን ነበረኝ፤ አላስቀምጥ አለኝ። የቴፑ ገመድ ማከፋፈያው ላይ ስለማይገባ ማከፋፈያውን እንዳለ ነቀልኩት። ምን እንደነቀልኩ የገባኝ ዘፈኑ ግማሽ ሲደርስ ነው። ብድግ ስል በሩ ተከፈተ።

«መብራት ሄደ» አልኳት።

አልተቆጣችም። ጆይስቲኩን በገመዱ ጠቅልላ፣ «የአንተ ይሁን» ብላ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ ነክታው አታውቅም። ብትመታኝ ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

ቅዳሜ መጣች። ሳሎኑ ጥግ ያለው መደርደሪያዬ ፊት ቆማ እንደ በሽተኛ መረመረችው። ድሮ ከልብስ ሳሙና ካርቶን ውስጥ የሚወጡት የፕላስቲክ ጦረኞች አሉኝ። አሥራ አንዱ ተገኝተዋል፤ አሥራ ሁለተኛውን ሙዚየም የምንለው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እየፈለገልኝ ነው። ከተገኙት አንዱ የሆነው ዘንዶ ግን ከነካርቶኑ ነው፤ ተከፍቶ አያውቅም። ለምን እንደማልከፍተው ጠየቀችኝ። ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል አልኳት።

«ልትሸጠው ነው?»

«በፍጹም።»

«ታዲያ ዋጋው ማን ላይ ነው የሚወርደው?»

እማዬ ከጓዳ ሆና፣ «ተይው፣ እሱም ከነካርቶኑ ነው ያለው» አለች።

ማሽኑን ከፈትኩ፤ ጆይስቲኩን እየተቀባበልን ጀመርን። እህቴ በመጀመሪያው ድልድይ ላይ ሁለቴ ወንዝ ገባች፤ ከዚያ ጣቷ አስታወሰ። የጫካው ሽፍታ ገና ሳይታይ «ከግንዱ ጀርባ አለልህ» ትለኝ ጀመር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማረፊያ ቤቱ ደረስን። ሳቬ መዝገቡን ዘርግቶ ይጠብቀናል። ከሦስታችን ያላረጀው እሱ ብቻ ነው።

«እቴቴ» አልኩ። የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ በወረቀት ጽፌ ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ፣ መግቢያም ነበረው። ከአፌ የወጣው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «መብራት አልሄደም ነበር።»

ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አላነሳችም።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከበሩ ጀምሮ። መብራት ሄዶ ቴፑ በምን ይዘፍን ነበር?»

በባትሪ ድንጋይ ሊሆን ይችላል ብዬ መከራከር ጀመርኩ። ልናዘዝ መጥቼ ለራሴ ጥብቅና ቆምኩ። ድንጋዮቹን በዚያው ሳምንት ከቴፑ አውጥታ እጅ ባትሪው ውስጥ የከተተቻቸው እሷ እንደነበረች አስታወሰችኝ።

ታዲያ ጌሙን ለምን ተውሽው አልኳት።

«ዘንዶውን ፈርቼው ነበር። ዳቦ ልግዛ ብዬ የወጣሁት ለምን ይመስልሃል? ቤት ውስጥ ዳቦ ነበር እኮ።»

ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት በደል ለካ ውለታ ኖሯል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ።

«አሁንም ትፈሪዋለሽ?»

«ዘንዶውን? አይ» አለች። «ሰኞን ነው።»

እኔ ማረም የምችለው የተጻፈ ነገር ብቻ ነው። እሷ ልጁን ወደ ሳቬ አስጠጋችውና በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ «የስ» አለችው። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ መዝገቡ ላይ ጫር ጫር አደረገ።

«በል እንግዲህ፣ ለፈቃድ ስመጣ ከዚሁ እንቀጥላለን።»

ዝም ማለት እችል ነበር። መዝገቡን የምታቆየው ካሴቱ ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ናት፤ እሷ ደግሞ ከሞተች ቆይታለች። አዲሱ ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ባትሪዋ ሞታለች» አልኳት። «ካጠፋነው ይጠፋል።»

አሰበችበት።

«እንግዲያው አትንቀለው» አለችና ጫማዋን ፍለጋ ተነሳች። ፈቃዷ ከስድስት ወር በኋላ ነው።

እሁድ ጠዋት እማዬ የእህቴን የመንገድ ልብስ ልትተኩስ ካውያ ይዛ ሳሎን መጣች። ሶኬቷ ዛሬም አንድ ናት፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጠራለሁ እያልኩ ነው። ከላይዋ በቀይ እስክሪብቶ «አይነቀልም» ብዬ ለጥፌ ነበር። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ፤ ቀጥላ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ሽማግሌ አየችው።

«አራት ነጥብ ይጎድለዋል» አለችና ካውያዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ሄደች።

ሆን ብዬ ነው አልኳት ከኋላዋ። ረስቼው ነበር።