ሠላሳ ሦስት ፍየሎች

«አይቼሃለሁ» አለችው እናቱ ሂዳያ፣ ከለቅሶው ድንኳን ጥግ ክንዱን ይዛ። «ሬሳው ሊወጣ ሲል ሼህ ሐቢብ ‘በዚህ ልጅ ላይ ሐቅ ያለው አውፍ ይበለው’ ሲሉ የሐይቅ ሰው በሙሉ አውፍ አለ። ያንተ አፍ አልተነቃነቀም። ወንድምህ እኮ ነው፣ ባድሩ!»

«ብያለሁ፣ እማ። በሆዴ።»

«የሆድን ማን ሰማ? ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ሰው ሳይበተን በአፍህ በልልኝ።»

ባድሩ ይቅር እንዳይል የሁለት ዓመት እስሩ ይዞታል። ውጫሌ መምህር ሳለ የታፈሱ ሰዎችን ስም በምስጢር ጽሑፍ ለራሱ ኢሜይል እየላከ ያስቀምጥ ነበር። ጽሑፉን የፈጠሩት በልጅነታቸው እሱና ወንድሙ ሀምዳን ናቸው፣ አባታቸውን ለመሸወድ። ለእያንዳንዱ ፊደል እናታቸው ካረባቻቸው ፍየሎች የአንዷን ስም ሰጡ፣ በተወለዱበት ተራ። ሀ ቦራ፣ ለ ዳለቻ፣ ሐ ሻሼ።

ኋላ ሀምዳን አዲስ አበባ ገባ፤ የሰው መልእክት እየተጠለፈ የሚፈታበት፣ በሩ ላይ ስም ያልተጻፈበት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ባድሩ ሲያዝ መርማሪው «ቦራ ሀ ናት፣ አይደል?» ብሎ ሳቀበት። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ካቴና ውስጥ ነበር።

ሀምዳን ሊጠይቀው ወህኒ ቤት ሲመጣ ባድሩ «የለም በሉት» አለ። ጠባቂዎቹ እንደዚያን ቀን ስቀው አያውቁም።

አሁን ሀምዳን አፈር ውስጥ ነው። ሬሳው ሲመጣ «ድንገተኛ ሕመም» የሚል ባለማኅተም ወረቀት አብሮት መጣ።

ድንኳኑ በር ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ብቅ አለ። «የሀምዳን የሥራ ባልደረባ ነኝ። አላህ ያጽናችሁ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ባንድ አፍ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። ሼህ ሐቢብ ስልካቸውን ፍራሽ ሥር ወተፉ፤ ኔትወርክ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው፣ ግን ጥንቃቄ አይከፋም።

የሂዳያ ፊት ግን በራ። «ይሄ እኮ ያ ልጅ ነው! ያኔ አንተ ሳትታሰር፣ ስለ ፍየሎቼ ሊጠይቀኝ የመጣው!»

«የምን ፍየል?»

«ስማቸውን በወረቀት ይዞ መጣ። ‘ሀምዳንን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጠየቅነው፤ ትርጉም የለውም፣ የእብድ ጽሑፍ ነው አለን’ አለኝ። ከተማ ገብቶ ፍየሎቹን ረሳ ብዬ ተቀየምኩት! ቁጭ ብዬ ሠላሳ ሦስቱንም በተወለዱበት ተራ ነገርኩት። ያቀረብኩለትን እንኳ አልቀመሰም፣ ሲጽፍ።»

ሰውየው ምንጣፉን ያያል።

ሀምዳን አልፈታውም። እያወቀ አላውቅም ብሏቸው ነበር። ባድሩ ሁለት ዓመት የረገመው እሱን ነው፤ አሁን አውፍ መባል ያለበት ባድሩ ነው፣ አውፍ የሚለው አፍ ደግሞ የለም።

«በል እንጂ» አለች እናቱ። «አውፍ በለው።»

ዓይኗን አየ። ፍየሎቿን የሚያስታውስ ሰው በማግኘቷ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላለች።

«አውፍ ብያለሁ፣ እማ» አላት። ያለው ለሷ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ! በል እንግዳውን አስታጥበው፣ ምግብ ቀርቧል።»

ሳፋውንና ጆጉን አነሳ። ሰውየው እጁን ዘረጋ፤ ባድሩ አፈሰሰ። «በቃ፣ ይበቃኛል» ቢለውም አላቆመም። ውሃው ሳፋውን ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ወረደ፤ ጆጉም አለቀ። ባድሩ ባዶውን ጆግ በሰውየው እጅ ላይ እንዳዘነበለ ቆመ።